ስርዝ ድልዝ ያለበት ካርድ

ጥር 6

ለወንድምዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። አባባ ደህና ነው፤ ዓይኑን ከጠየቅከኝ ያው ነው፣ ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ ከዚያ አያልፍም። አናጺነቱን ግን አልረሳም። ትናንት የጓዳውን በር በእጁ ዳብሶ «ይኼ ማጠፊያ ሊለቅ ነው» አለኝ፤ እውነትም ዛሬ ጠዋት ለቀቀ። ልጆቼም ደህና ናቸው። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃህና ወደ ንዴቴ ልግባ።

«ደርሶሻል ወይ?» እያልክ ሁለት ጊዜ ጠይቀኸኛል። ደርሶኛል። ስለ እማዬ የጻፍከውን አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እስካሁን ዝም ያልኩህ ትንሽ ቢበርድልኝ ብዬ ነበር፤ አልበረደልኝም።

አንተ ሰው፣ ትምህርት ቤቱ አዲሱን ቤተ መጻሕፍት በእናታችን ስም ሊሰይም ነው። ከእኛ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጋቢት 21 ቀን በምረቃው ላይ የሚነበብ፣ ከዚያም በመስታወት ተደርጎ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሁለት ገጽ የሕይወት ታሪክ። ሁለት ገጽ! አባባ «ልጄ ይጻፈው፣ እሱ ብዕር አለው» አለ፤ እኔም ደስ አለኝ። እኔ ቀኑን ሙሉ ዩኒፎርም ስሰፋ የምውል ሴት ነኝ፤ የማውቀው ስለ ኮሌታ ነው። አንተ ታዲያ ምን ላክህ? «ትጉህ፣ ታታሪ፣ ቅን፣ ለሥራዋ ሟች፣ ለትዳሯ ታማኝ፣ ለልጆቿ ርኅሩኅ፣ ለሁሉም እናት...» ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት፤ ምናልባት ከጀርባው የሌላ ሰው ስም ይኖር ይሆናል ብዬ።

ለአባባ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማና «ጥሩ ነው» አለ። ቀጥሎ «ሴትዮዋ ማን ናት?» አለኝ። ሲቀልድ ነው ብዬ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም።

እኔ የማውቃት እማዬ የቀሚሷን ኪስ ሳትፈትሽ ለእጥበት ትሰጥና የቤቱን ልብስ ሁሉ በጠመኔ ነጭ የምታደርግ ሴት ናት። ልትቆጣኝ ስትፈልግ የእኔን ስም እስክታገኝ የአራት ተማሪ ስም ጠርታ የምታልፍ ናት። እስከዚያ ድረስ እኔ ከበር ወጥቻለሁ። ይኼን የት አደረስከው?

አንደኛ ክፍልንስ? «ሠላሳ አራት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተማረች» ብለህ በአንድ መስመር ዘለልከው። ከቤታችን እሷ ፊት የተማርክ አንተ ብቻ ነህ፤ እኔን ያስተማሩኝ ጎን ካለው ክፍል የነበሩት እትዬ ጠመኔ ናቸው (ስሙን ያወጣንላቸው ጠመኔ ባለቀባቸው ቁጥር የእማዬን በር ስለሚያንኳኩ አይደል?)። አንተ ግን ከእሷ ጋር ያውም ሁለት ዓመት ነው የቆየኸው። ምነው አንዲት ቃል ጠፋህ?

እንደገና ጻፈው። እንደምትመጣም ቁርጡን ንገረኝ። «ሥራ በዛ» የሚለውን መልስ ከአሁኑ ስለማውቀው ቀለም አታባክን።

እህትህ


ጥር 22

ለእታለም፣

እንደምን አለሽልኝ? ለመዘግየቴ ይቅርታ። እዚህ ስልክ እንደማይሠራ ታውቂያለሽ፤ ደብዳቤ የሚያመላልስልን የነዳጁ ቦቴ ሹፌር ነው፣ እሱ ደግሞ ካገባ ወዲህ መንገዱ ረዝሞበታል። ስድብሽ ግን ምንም ሳይጎድል ደርሶኛል።

አይ፣ አልታመምኩም። ከማንም ጋር አልተጣላሁም። ድልድዩም ደህና ነው፣ ሁለቱ ምሰሶ ቆሞ ሦስተኛው ይቀረናል። «ምነው አንዲት ቃል ጠፋህ?» ላልሽው፣ ቃል ጠፍቶኝ አይደለም። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ብዬ ነው። በመስታወት የሚሰቀል ወረቀት ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?

ይኸው ለአንቺ ልጻፍልሽ። ጠዋት እጄን ይዛኝ ትወጣለች። ዳቦ ቤቱን እናልፋለን፣ ብስክሌት ጠጋኙን ሰላም እንላለን፣ ውሃ የሚያቁረውን ጥግ እጄን ሳብ አድርጋ ታሻግረኛለች። የትምህርት ቤቱ በር ሦስት እርምጃ ሲቀረው እጄን ትለቀዋለች። «ከዚህ ወዲያ እናትህ አይደለሁም፤ መምህርት በለኝ» ትለኛለች። ስንወጣ ከበሩ ሦስት እርምጃ እንደራቅን መልሳ ትይዘኛለች። እንግዲህ ቁጠሪው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ተኩል እናት አልነበረኝም። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ወድቄ ጉልበቴ ተላጠና «እማዬ!» ብዬ ጮህኩ። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። ቁስሉን በደንብ አጠበችልኝ፣ በጨርቅ አሰረችልኝ፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ «ሁለተኛ መምህርት በል» አለችኝ።

እጄን ሳወጣ አትጠራኝም። ብመልስ «ቤት አስጠንታው ነው» ይባላላ! በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልጠራችኝም። ታምኚኛለሽ፣ እስከ ዛሬ በስብሰባ ላይ እጄን አላወጣም። ባለፈው ወር መሐንዲሱ የብረቱን ቁጥር ሲሳሳት እያየሁ ዝም አልኩ፤ የሁለት ሳምንት ሥራ ፈርሶ እንደገና ተሠራ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ አስደገመችኝ። ጓደኞቼ ወደ ሁለተኛ ክፍል ሲሄዱ እኔ አባባ በሠራው ዴስክ ላይ፣ ያችው ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። ያንኑ መዝሙር፣ ያንኑ መደመር። በእረፍት ሰዓት በመስኮት ብቅ እያሉ «ደጋሚ!» ይሉኛል። ስሙ ተጣብቆብኝ ቀረ፤ የሚስቴ ወንድሞች እንኳ የሚጠሩኝ በእሱ ነው። ለምን እንዳስደገመችኝ የጠየቅኳት አንዴ ነው፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ። «ውሃ ልጠጣ» ብላ ተነሳች። ሌላ ቀን አልጠየቅኩም።

ስለዚህ «ለሁሉም እናት ነበረች» ያልኩት ውሸት አይደለም። ከሁሉም ውስጥ እኔ አልነበርኩበትም እንጂ። አንቺ ከፈለግሽ ጨምሪበት፣ ከፈለግሽ ቀንሺለት። እኔ አልመጣም፤ በመጋቢት አርማታ እንሞላለን፣ ፎርማኑ እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ለምን እንዳስደገመችኝ አባባ ያውቅ ነበር? አውቆ እንዴት ዝም አለ?

ወንድምሽ


የካቲት 5

ለወንድምዓለም፣

ደህና ነህ ወይ? ደብዳቤህን ለአባባ አላነበብኩለትም። «ምን ይላል?» ሲለኝ «ሰላም ብሎሃል» አልኩት። ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ በጣቱ ቆጠረና «ሦስት ገጽ ሰላም?» አለኝ።

ያውቅ ነበር ወይ ላልከው፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ጠየቅኩት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ዝም አይነቅዝም» አለኝ፤ በቃ፣ ይኼው ነው መልሱ። የዚህ ቤት ሰው ሁሉ ሲጠየቅ ወይ ውሃ ይጠማዋል ወይ መስኮት ይናፍቀዋል። እኔ ብቻ ነኝ በየደብዳቤው የምለፈልፈው።

ደግሞ አንተ ብቻ የተበደልክ አይምሰልህ። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩ ጊዜ «ፈተና እያረምኩ ነው» ብላ በአምስተኛው ቀን ነው የመጣችው! ያውም ወረቀቱን ተሸክማ። ልጄን በግራ ክንዷ አቅፋ በቀኟ ታርማለች። ልትሰክን አልቻለችም ብዬ በሆዴ ስቃጠል አንድ ነገር አየሁ። ከእያንዳንዱ ወረቀት አናት ላይ ቁራጭ ካርቶን ታስቀምጣለች፤ የልጁን ስም ትሸፍንበታለች። አርማ፣ ነጥቡን ደምራ፣ ከጻፈች በኋላ ነው ካርቶኑን የምታነሳው። «ለምንድነው?» ብላት «ልቤ እንዳያዳላ ነዋ» አለችኝ፣ ሁሉም ሰው እንደዚያ የሚያደርግ ይመስል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ! ይኼን ጻፍ ብዬ ነው እኮ የምለምንህ።

ስለ ሚስትነቷም «ለትዳሯ ታማኝ» ብለህ አትለፈው። የአባባ ዓይን መድከም ሲጀምር ምን አደረገች? የእንጨት ማስመሪያውን ወስዳ በየሴንቲሜትሩ በቢላ ጫፍ ቀረጸችለት፤ በየአምስቱ ረዘም፣ በየአሥሩ ጠለቅ አድርጋ። በጣቱ እንዲያነብ አንድ ሳምንት አስተማረችው፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሠርቷል። አሁንም ማስመሪያው ከኪሱ አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የአገልግሎት ዘመኗን ላረጋግጥ ብዬ ትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ሄጄ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ጥሩ ሰው ናቸው፤ አቧራውን እየጠረጉ አሮጌ ሮስተሮቹን አንድ በአንድ አወጡልኝ። የአንተን ዓመት ሮስተርም አየሁት። የሁሉም ልጅ ነጥብ፣ ድምር፣ ደረጃ፣ በእጇ ጽሑፍ።

ያየሁትን በደብዳቤ አልጽፈውም። ናና በዓይንህ እየው።

እህትህ


የካቲት 16

እታለም፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ። ይኼ ምን የሚሉት ነገር ነው? ሰውን ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ላይ አስቀምጦ «ያየሁትን አልነግርህም» ይባላል? እንዳልመጣ ነግሬሻለሁ። በአጥንት እንደሚጠራ ውሻ ልትስቢኝ ከሆነ ውሻውም እግሩ ታስሯል።

ጭራሽ ባትጀምሪው ምን ነበር? ከሹፌሩ እጅ ከተቀበልኩት ቀን ጀምሮ ሥራ አልሠራሁም። ትናንት ልኬቱን ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ሠራተኞቹ ተሳሳቁብኝ።

የሚያናድደኝን ልንገርሽና ይውጣልኝ። ሰው ሲደግም ዓመት ብቻ አይደለም የሚያጣው። እኔ ጭንቅላቴ ቀርፋፋ ነው ብዬ አምኜ ነው ያደግኩት። የገዛ እናቴ፣ ሌላውን ሁሉ የምታሳልፍ መምህርት፣ እኔን ከጣለችኝ ምን ቀረኝ? አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ለኮሌጅ ያልተፈተንኩት «ብወድቅስ?» ብዬ ነው። መሐንዲስ ሊሆን የሚችለው ሰው ለመሐንዲስ የመለኪያ ገመድ ይዞ ይቆማል። ይኼን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለሚስቴም።

ስለዚህ እባክሽ፣ አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ወድቄ ነበር ወይስ አልወደቅኩም?

ወንድምሽ


የካቲት 25

ወንድሜ፣

አልወደቅክም።

ከሃምሳ አንድ ልጅ ሁለተኛ ነው የወጣኸው። ድምርህ ከአንደኛው በአራት ነጥብ ያንሳል፣ ከሦስተኛው በስድስት ይበልጣል። በደረጃው አምድ ላይ «2ኛ» ይላል። ቀጥሎ በውሳኔው አምድ፣ በዚያው ቀለም፣ በዚያው በሚያምር ጽሑፏ «ይደግማል»። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉት። «እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም» አሉኝ። ውጭ ወጥቼ አጥሩን ተደግፌ አለቀስኩ። ለአንተ ይሁን በንዴት፣ ለይቼ አላውቀውም። በደብዳቤ ያልጻፍኩልህ ለጭካኔ አይደለም፤ ብቻህን ካምፕ ውስጥ ሆነህ እንዳታነበው ብዬ ነበር።

ከዚያ በቀጥታ እትዬ ጠመኔ ቤት ሄድኩ። እግራቸውን ያማቸዋል፣ አፋቸው ግን ደህና ነው። በዚያ ዓመት ሦስተኛ የወጣው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ልጅ ነበር አሉኝ። አባትየው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቶ «መምህርቷ ለልጇ ፈተናውን ቤት ታሳየዋለች» አለ። በሩ ክፍት ነበርና መምህራኑ ሁሉ ሰሙ። እማዬ «ሌላ መምህር ይፈትነው» ብላ ጠየቀች። ርዕሰ መምህሩ «ነገር አታብዢ፣ ወሬ ነው፣ ያልፋል» አላት። ለሌላ ሰው ያልፍ ነበር። እማዬን ታውቃታለህ። «እንግዲያው ይደግማል፤ በእኔ ልጅ ምክንያት ክፍሌን ማንም አይጠረጥርም» አለች። እትዬ ጠመኔ ለምነው ነበር። «ክፍሉ ያንቺ ነው፣ የልጁ ጥፋት ምንድነው?» ብለው ተጣልተዋታል፤ ሁለት ወር አልተነጋገሩም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ ሌላ ምን ልበልህ? ስሟን ለመጠበቅ አንተን ሰጠች። ነጋዴው እንደሆነ በዓመቱ ልጁን ሌላ ትምህርት ቤት ወሰደው።

ልወጣ ስል እትዬ ጠመኔ እጄን ያዙኝ። «ክረምቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበራትም። የልጁን ካርድ ፈልጊ፣ ሰማያዊ ቦርሳዋ ውስጥ መሆን አለበት» አሉኝ። «ምን አለበት?» ብላቸው «የባልና ሚስት ነገር ነው፣ እኔ አልገባበትም» አሉ። ሰማያዊው ቦርሳ አባባ አልጋ ሥር ነው። ካረፈች ጀምሮ ማንም አልከፈተውም። ቀን ጠብቄ እጠይቀዋለሁ።

እህትህ


መጋቢት 4

ለወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? ስለ አንገትህ ሕመም የጻፍከውን አንብቤ አዝኛለሁ፤ በሞቀ ጨርቅ ያዘው። ሌሎቹን ጥያቄዎችህን ልዝለልና የመጨረሻዋን፣ «ቦርሳውን ከፈትሽው ወይ?» ያልከኝን ልመልስልህ። ከፍቼዋለሁ። ይኼን ደብዳቤ ላልጽፈው ሦስት ቀን ታግያለሁ። የሚያጽፈኝ አባባ ነው፤ አጠገቤ ተቀምጦ የብዕሩን ድምፅ እያዳመጠ ነው። ቆም ስል «ቀጥዪ» ይለኛል።

ቦርሳውን ራሱ ጎትቶ አወጣልኝ። ውስጡ የደረቀ ስፖንጅ፣ ያች የስም መሸፈኛ ካርቶን፣ ጫፉ የተበላ እርሳስና ካርድህ ነበር። በመጀመሪያ የወላጅ ፊርማ የሚለውን ቦታ አየሁና «ባዶ ነው» አልኩት።

«አዎ፣ አልፈረምኩም» አለ። ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር። «ሰኔ ላይ ስታመጣው አንብቤዋለሁ። በልጄ ላይ በተሠራ ግፍ ስሜን አላኖርም አልኳት። በዚያው ክረምት እንደገና አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። 'አንብበው' አለችኝ። 'አንብቤዋለሁ' ብዬ ሳላየው ገፋሁት። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ ታወጣዋለች፣ ጠረጴዛው ላይ ታኖረዋለች። እኔም እገፋዋለሁ። ቃል አንነጋገርም። የፈለገችው ልክ ነበርሽ እንድላት ነው፤ አልላትም።»

ያኔ ነው ካርዱን በደንብ ያየሁት። «ይደግማል» የሚለው በማስመሪያ አንድ መስመር ተሰርዟል። ከላዩ በእጇ ጽሑፍ «ወደ ሁለተኛ ክፍል ተዛውሯል» ይላል። ፊርማዋ አለበት። ቀኑ አለበት፤ ነሐሴ 24። ከግርጌው ደግሞ በማተሚያ የወጣ ነገር አለ፣ «ስርዝ ድልዝ ያለበት ካርድ ያለ ወላጅ ፊርማና ያለ ትምህርት ቤቱ ማኅተም አይጸናም።»

ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩለት። «ቀኑን» አለኝ። «ነሐሴ 24።» ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ቆጠረ። «ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው» አለ። ካርዱን በጣቱ ዳበሰ። «ተጸጽታ አስተካክላው ነበር። ያስደገምኩት እኔ ነኝ።»

ወንድሜ፣ ጮህኩበት። በሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ላይ ጮህኩበት፤ ይቅር ይበለኝ። ያኔ ዓይን ነበረህ አይደል፣ አንዴ ዝቅ ብለህ ብታየው ምን ነበረበት? አልኩት። እሷስ አፍ አልነበራትም? «አስተካክየዋለሁ» ማለት ስንት ቃል ነው? ራሷስ ወላጅ አልነበረችም፣ ለምን አልፈረመችም? ይኼን ስል አባባ ሳቀ፤ ሳቁ የለቅሶ ያህል ነበር። «ትምህርት ቤት እናቱ አይደለሁም ትል ነበር እኮ» አለኝ። «ዝም አይነቅዝም ትላለህ፤ ይኸው የእናንተ ነቀዘ!» ብዬው ወጥቼ ሄድኩ።

ይኼን እንዳትሰማ ልደብቅህ ነበር። የሞተችውን ብትወቅስ ትችለዋለች፣ ያለውን ብትወቅስ ግን ይሰበራል ብዬ። ሳስረዳው በማስመሪያው ጠረጴዛውን መታ አደረገና «ጻፊለት። ሠላሳ ስምንት ዓመት እሷን ወቅሷል፤ ወቀሳው የእኔ ነው» አለ። ይኸው ጻፍኩ። ካርዱንም ልኬልሃለሁ፤ የአንተ ነው። ብትቀደውም አንጠይቅህም ብሏል።

የአሁኑ ርዕሰ መምህር ሁለቱን ገጽ እስከ መጋቢት 18 ይፈልገዋል። ከአንተ ካልመጣ ያንን የመጀመሪያውን እሰጠዋለሁ። ያችው ማንም የማያውቃት ሴትዮ ትሰቀል፤ እኔ ደክሞኛል።

እህትህ


መጋቢት 11

ለእታለም፣

እንደምን አለሽ? አንገቴ ተሽሎታል። ካርዱ ሳይታጠፍ ደርሶኛል፤ ሹፌሩ በደረት ኪሱ ነው ያመጣው፣ ትንሽ ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

ይቅር ብያለሁ ብዬ ልጽፍ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። አይወጣም። ተናድጃለሁ፣ እታለም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከበፊቱ ይልቅ አሁን ነው የተናደድኩት። ድሮ የምናደደው በአንድ ሰው ነበር። አሁን በእሷ፣ በእሱ፣ በነጋዴው፣ በዚያ ካርድ ላይ ያንን መስመር ባሳተመው ሰውዬ ሁሉ ነው። በራሴም። ውሃ ልትጠጣ ስትነሳ ተከትያት ጓዳ ድረስ ብገባ ምን ነበር? ቦርሳው እኮ ያኔ እዚያው ጓዳ፣ ከበሩ ኋላ ነበር የሚንጠለጠለው።

ትናንት በሳምንቱ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። መሐንዲሱ ስላልለመደው ደነገጠና «ልትወጣ ነው?» አለኝ። «ፈቃድ ልጠይቅ ነው» አልኩት። ስለ አርማታው ተጨቃጨቅን፤ በመጨረሻ ለአሥር ቀን ፈቀደልኝ። ወጥቼ ለሠራተኞቹ ሁሉ ነገርኳቸው፣ በአርባ አምስት ዓመቴ።

ሁለቱ ገጽ አብሮ አለ። አጀማመሩ እንዲህ ነው፤ «በየዓመቱ ሃምሳ ያህል ልጆች ነበሯት። ፈተናቸውን የምታርመው ስማቸውን በካርቶን ሸፍና ነው፣ ልቧ እንዳያዳላ። የአንዱን ልጅ ስም ግን መሸፈን አልቻለችም፣ ቤቷ ያድር ስለነበር። እሱን ያለ ጥፋቱ አስደገመችው። ከዚያም ስህተቷን በማስመሪያ ሰርዛ፣ ቀን ጽፋ፣ ፈረመችበት፤ የሚያነብላት ሰው ግን አላገኘችም።» ከዚያ በኋላ የአባባ ማስመሪያ አለ፣ የተላጠው ጉልበቴ አለ፣ በጠመኔ የነጣው ልብስሽም አለ። «ትጉህ» የሚል ቃል የለበትም። ለአባባ አንብቢለትና ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ጠይቂው። ርዕሰ መምህሩ ካልወደደው ምክንያቱን ለእኔ ይንገረኝ፤ እጄን አውጥቼ እመልስለታለሁ።

መጋቢት 20 ከሰዓት በኋላ እደርሳለሁ። ለአባባ እንዲህ በይልኝ። አልቀደድኩትም። ይዤው እየመጣሁ ነው። እኔም ተናድጄ ነው የምመጣው፣ ስለዚህ ብዙ አልስቅም፤ አይቀየመኝ። እርሳሱን ይቅረጽ፣ አይ፣ እርሳስ አይሆንም፣ አንቺ ብዕር ፈልጊለት። እማዬ የቀረጸችለትን ማስመሪያ የፊርማው መስመር ሥር አደርግለታለሁ፣ እጁን ደግሞ እኔ እይዝለታለሁ። ከዚያ በማግስቱ ሦስታችንም ትምህርት ቤት ይዘነው እንሄዳለን፣ ማኅተም ይቀረዋል።

እንደ ልጅ ነገር ቢመስልሽም ሳቂብኝ። ሁለተኛ ክፍል መግባት እፈልጋለሁ።

ወንድምሽ